የስቴት ፈተና ውጤት መጣ፣ አሁን ምን ይደረግ? አሜሪካ ኤለመንተሪ የሚማር ልጅ ላላችሁ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ሪፖርት ካርዱ ላይ ኤ እና ቢ ሲደረድር የከረመ ልጅ የስቴት ፈተና ወረቀቱ ሲመጣ «ሌቭል 2» ይላል፣ ወላጅ ይደነግጣል፣ በማግስቱ ቱተር ፍለጋ ስልክ ይደወላል። እኔ የምለው ከቱተሩ በፊት ወረቀቱ በደምብ ይነበብ ነው። ምክንያቱም ዝቅ ያለ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገር ባንዱ ነው የሚመጣው፤ ወይ ልጁ ትምህርቱን አልያዘውም፣ ወይ ትምህርቱን ይዞታል ግን የጥያቄው እንግሊዝኛ ጠልፎታል፣ ወይ ደግሞ ሁለቱም ደህና ሆነው ኮምፒውተሩና የጥያቄው አቀራረብ አደናግሮታል። የሦስቱ መፍትሄ ለየብቻ ነው፣ ሳይለዩ ገንዘብ ማፍሰስ ዝም ብሎ ልጁን ማድከም ነው።

ምሳሌዎቼ ባብዛኛው ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዲሲ ናቸው፣ ብዙ ሀበሻ ያለው እዚያ ስለሆነ። ሲያትልም ዴንቨርም ዳላስም ያላችሁ የፈተናው ስም ይቀየርባችኋል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ፈተና እንደሆነ እወቁ

ልጃችሁ በዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት፣ አንዳንዱ ሦስት ዓይነት ፈተና ይፈተናል፣ ወላጅ ሁሉንም «የስቴት ፈተና» ብሎ ይጠራውና እዚህ ጋ ነው ግራ መጋባቱ የሚጀምረው።

አንደኛው ዋናው የስቴት ፈተና ነው። በ2015 ኦባማ የፈረሙት የፌደራል የትምህርት ሕግ ሁሉም ስቴት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብና ሒሳብ እንዲፈትን ያስገድዳል፣ ሳይንስ ደግሞ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ባለው ውስጥ ቢያንስ አንዴ። ሜሪላንድ ላይ ኤምካፕ ይባላል፣ ቨርጂኒያ ኤስኦኤል፣ ዲሲ ከ2024 ጀምሮ ዲሲ ኬፕ (ከዚያ በፊት ፓርክ ነበር)፣ ቴክሳስ ስታር፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ስማርተር ባላንስድ። የሚሰጠው በጸደይ (ስፕሪንግ) ነው፣ ውጤቱ ወላጅ እጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ ትምህርት በተዘጋበት በጋ (ሰመር) ውስጥ ወይ ትምህርት ሲከፈት ነው፣ ማለትም ልጁ ወደ ሌላ ቲቸር ካለፈ በኋላ ማለት ነው፤ ይሄ የሚያናድድ ነገር ነው ግን ሲስተሙ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ በመኸር (ፎል)፣ በክረምት (ዊንተር) እና በጸደይ የሚሰጠው አጭር ፈተና ነው። ብዙ ቦታ ማፕ ወይ አይሬዲ ይባላል። ውጤቱ ወዲያው ስለሚደርስ ለወላጅ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ ግን ብዙዎቻችን ዞር ብለን አናየውም። አንድ ልብ በሉ፤ ማፕ ጥያቄውን እንደልጁ አቅም የሚቀያይር ፈተና ነው፣ ልጁ ሲመልስ ቀጣዩ ይከብዳል፣ ሲስት ይቀላል፣ ስለዚህ ጎበዝም ሆነ ደካማ ልጅ ግማሽ ያህሉን ሳይመልስ ነው የሚወጣው። «ማሚ በጣም ከባድ ነበር፣ ብዙ አላወቅኩም» ካለ አትደንግጡ፣ ፈተናው የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፣ ኢሶል (እቤት ሌላ ቋንቋ ለሚነገርባቸው ልጆች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ እርዳታ) ውስጥ ላሉ ልጆች ብቻ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶና ሌሎችም ብዙ ስቴቶች ዊዳ አክሰስ የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት፣ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ በየዓመቱ በክረምቱ (በዊንተር) ወራት ይሰጣል። ስለሱ ብቻውን ታች እመለስበታለሁ፣ የኛ ሰው በጣም የሚናደድበት እሱ ነውና።

2. ወረቀቱን ማንበብ

አገር ቤት ሚኒስትሪ የተፈተንን ሰዎች ፈተና ስንሰማ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው ማለፍና መውደቅ ነው፣ ከዚያ ደግሞ «ከክፍልህ ስንተኛ ወጣህ?»። እዚህ ኤለመንተሪ ላይ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፣ የስቴት ፈተናውም ባብዛኛው ቦታ ልጁን ክፍል አያስደግመውም። ልዩነት አለ፤ ፍሎሪዳና ሚሲሲፒን የመሳሰሉ ስቴቶች 3ኛ ክፍል ላይ ንባብ ያልቻለን ልጅ የሚያስደግም ሕግ አላቸው፣ ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ። ለሌላው ሰው ግን ይሄ ወረቀት የፍርድ ወረቀት አይደለም።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ሌቭሉን ነው። ሜሪላንድ አራት ሌቭል አለው፣ 3 እና 4 ከሆነ ልጁ ለክፍሉ የሚጠበቀውን ይዟል፣ ቁጥሩ ከ650 እስከ 850 ይሄዳል፣ 750 ሲደርስ ነው ሌቭል 3 የሚገባው። ዲሲም ስኬሉ ተመሳሳይ ነው ግን ሌቭሉ አምስት ነው፣ 4 እና 5 ናቸው ጥሩዎቹ፤ እና ከዲሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የገባ ሰው «ባለፈው ዓመት 4 ነበረች አሁን 3 ሆነች፣ ወረደች» ቢል ተሳስቷል፣ ያው ቦታ ላይ ናት። ቨርጂኒያ ላይ ለብዙ ዓመታት የታወቀው ከ0 እስከ 600 ሆኖ 400 ማለፊያ፣ 500 ደግሞ አድቫንስድ የሚለው ነው። ስቴቶች ማለፊያውን አልፎ አልፎ ስለሚቀይሩ የጎረቤት ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ያመጣውን ቁጥር ይዛችሁ አታወዳድሩ፣ የዚያው ዓመት ወረቀት ላይ ያለውን መስመር እዩ።

ልጃችሁ ከመስመሩ ትንሽ በታች ነው ወይስ በጣም ርቋል? 747 እና 702 ሁለቱም ከ750 በታች ናቸው ግን አንድ ዓይነት ችግር አይደሉም። 747 ማለት አንድ ሁለት ጥያቄ ነገር ነው፣ በሌላ ቀን ቢፈተን ሊያልፍ ይችል ነበር። 702 ግን ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚፈልግ ነው።

ከዚያ ፐርሰንታይል የሚባለው አለ፣ ማፕ ላይ በተለይ። ፐርሰንታይል 60 ማለት ከመቶ 60 አገኘ ማለት አይደለም! ከመቶ እኩዮቹ 60ውን ያህል በልጧል ማለት ነው፣ ስለዚህ 50 ፐርሰንታይል ልክ መሀል ላይ ያለ ልጅ ነው። «ሀምሳ ብቻ?» ብሎ ልጁን የሚቆጣ አባት ስንቱን አይቻለሁ። ማፕ ላይ ሪት የሚባለው ቁጥር ደግሞ ክፍል ሳይለይ እንደ ቁመት መለኪያ ዓመት ካመት ስለሚቀጥል ልጁ ከመኸር እስከ ጸደይ ምን ያህል እንደጨመረ የምታዩት በሱ ነው።

በመጨረሻ፣ ሁሌም ወረቀቱ ታች ወይ ገጹ ጀርባ ላይ ዝርዝሩ አለ። ንባቡ ልብወለድና መረጃ ሰጪ ጽሑፍ፣ ቃላት፣ መጻፍ እየተባለ ይከፋፈላል፣ ሒሳቡም እንደዚያው። የሚጠቅማችሁ መረጃ ያለው እዚያ ነው እንጂ ከላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ላይ አይደለም። እዚያ ጋ እስክሪብቶ ይዛችሁ ዝቅ ያለውን አክብቡበት፣ ታች ተራ ቁጥር 4 ላይ ያስፈልጋል።

ሪፖርት ካርዱ ለምን ኤ አለ ታዲያ? ሪፖርት ካርድ የሚለካው ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የተማሩትን፣ ቲቸሯ እየረዳችው የሠራውን፣ እንደገና ሠርቶ ያስተካከለውን ነው። የስቴት ፈተና የዓመቱን ሁሉ ባንዴ፣ ያለ ረዳት ነው የሚጠይቀው። ቲቸሯ አልዋሸችም፣ ፈተናውም አልዋሸም። እና ደግሞ ልጃችሁ ብቻውን አይደለም፤ በ2024 በመላው አሜሪካ በተሰጠው ናፕ በሚባለው ፈተና ከ4ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ላይ ፕሮፊሸንት (ብቁ የሚባለው ሌቭል) የደረሱት 31 ፐርሰንት፣ ሒሳብ ላይ 39 ፐርሰንት ናቸው። የናፕ ፕሮፊሸንት ከብዙ ስቴቶች መስፈርት ከፍ ያለ ነው፣ ቢሆንም እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩት ፈረንጆችም እቤታቸው ይሄንኑ ጭንቀት እየተጨነቁ ነው ለማለት ነው።

3. ችግሩ ከሦስቱ የትኛው ነው? እቤት የሚሠራ ሙከራ

ይሄን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ የጽሑፉ ዋና ነገር ይሄ ነው።

የስቴታችሁ የትምህርት ቢሮ ዌብሳይት ላይ ነፃ ፕራክቲስ ቴስት አለ፣ ቲቸሯን ሊንኩን ላኪልኝ ብትሏት ትልካለች። ከሱ ላይ ለልጁ ክፍል የሚሆኑ ጥቂት የሒሳብ ጥያቄዎች፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ያላቸውን (ወርድ ፕሮብለም የሚሉትን) ምረጡ። ልጁ ብቻውን ኮምፒውተር ላይ ይሥራ፣ አትርዱት፣ ፊታችሁንም አታኮሳትሩ። የሳታቸውን ለዩ።

በሌላ ቀን የሳታቸውን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ራሱ አንብቦ በእርሳስ ይሞክራቸው፣ አሁንም የሳታቸውን እናንተ ባማርኛ አንብቡለት። ማብራራት የለም፣ «እህ፣ አሁን እዚህ ጋ መቀነስ ነው» ማለት የለም፣ የተጻፈውን ብቻ ባማርኛ። አማርኛው ደከም ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ወረቀትና እርሳስ ስጡት።

ባማርኛ ሲነበብለት ከመለሰው ሒሳቡን ያውቀዋል፣ የጎደለው ንባብ ነው፤ የሒሳብ ቱተር መቅጠር እዚህ ጋ ከንቱ ነው። ባማርኛ ተነቦለትም ካልመለሰው የትምህርቱ ክፍተት ነው፣ የትኛው ርዕስ እንደሆነ ጻፉት። ወረቀት ላይ በእርሳስ ሲሆን እንግሊዝኛውን ራሱ አንብቦ ከመለሰና ስክሪን ላይ ብቻ ከሳተ ደግሞ ችግሩ አሠራሩ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ሳራ 24 ስቲከር አላት፣ ወንድሟ 15 አለው፣ ሃው ሜኒ ሞር ስቲከርስ ዳዝ ሳራ ሃቭ?» ይላል ጥያቄው። ስንትና ስንት ልጅ «ሞር» የምትለዋን ሲያይ ደምሮ 39 ብሎ ቁጭ ይላል። ይሄንን ልጅ «ሳራ ከወንድሟ በስንት ትበልጣለች?» ብትሉት 9 ይላችኋል። መቀነስ ያቃተው ልጅ አይደለም። 3ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ጥያቄው ሁለት እርምጃ ይሆናል፣ መጀመሪያ አባዝቶ ከዚያ የሚቀንስበት፣ እንግሊዝኛው ላይ የተንሸራተተ ልጅ አንዱን ብቻ ሠርቶ የመጀመሪያውን መልስ ምርጫው ውስጥ ያገኘዋል፣ ሆን ተብሎ ነው እዚያ የተቀመጠው፣ ይመርጠውና ያልፋል።

4. ትምህርት ቤቱን ማናገር

የወላጅ ኮንፈረንስ እስኪደርስ አትጠብቁ (ብዙ ቦታ ኖቬምበር አካባቢ ነው)። አጭር ኢሜይል በቂ ነው፤ ልጄ ይሄን አምጥቷል፣ ይሄኛው ክፍል ላይ ዝቅ ብሏል፣ 20 ደቂቃ ላገኝሽ እፈልጋለሁ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል። በቃ። ኢሜይሉን ባማርኛ ብትጽፉትም ማስተርጎም የነሱ ሥራ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና እንዳይመስላችሁ፣ የፌደራል የሲቪል መብት ሕግ ትምህርት ቤቶች ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያናግሩ ያስገድዳል፣ ክፍያ የለውም። ሞንትጎመሪ ካውንቲማ አማርኛ ከዋና ዋናዎቹ የትርጉም ቋንቋዎች አንዱ ነው። እባካችሁ ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ፣ የታናሹን ገመና አብሮ ይሰማል፣ የማይጥመውን ደግሞ ዘሎ ነው የሚተረጉመው።

እዚያ ስትገቡ «እንዴት ነው ልጄ?» ካላችሁ «ሺ ኢዝ ዱዊንግ ግሬት» ትባላላችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ ትወጣላችሁ። የከበባችሁትን ወረቀት አውጡና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ንባቡ ለክፍሉ ይመጥናል ወይስ በታች ነው፣ በታች ከሆነ በስንት? የከበደው ቃላቱን ማንበቡ ነው ወይስ አንብቦ መረዳቱ? አሁን ምን ተጨማሪ እርዳታ እያገኘ ነው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ከማን ጋር? ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነፃ ቱተሪንግ አለ? ለውጥ መኖሩን በምን እናያለን፣ መቼስ እንገናኝ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትተዉ፣ ቀን ሳይቆረጥ ከወጣችሁ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

አኮሞዴሽን ስለሚባለውም ጠይቁ። ኢሶል ውስጥ ያለ ልጅ ወይም አይኢፒ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ወይ 504 (የአካል ወይ የጤና ችግር ላለበት ልጅ የሚወጣ የድጋፍ ዕቅድ) ያለው ልጅ እንደሁኔታው ተጨማሪ ሰዓት፣ ጥያቄውን የሚያነብለት ድምፅ፣ ቃል በቃል የሆነ መዝገበ ቃላት ሊፈቀድለት ይችላል። ግን ቀድሞ ተመዝግቦ ክፍል ውስጥም ሲጠቀምበት የቆየ መሆን አለበት፣ የፈተናው ዕለት ጠዋት ጠይቃችሁ አይገኝም። ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ስቴቶች ከንባብ ፈተናው አንዴ ነፃ ማድረግ ይችላሉ፣ ከሒሳቡ ግን አይቀርም።

ልጁ አማርኛም ላይ ተመሳሳይ ችግር ካለበት፣ ማለትም ተረት ነግራችሁት መልሶ መናገር፣ የተባለውን መከተል፣ ቃል ማስታወስ በሁለቱም ቋንቋ ካቃተው፣ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ ጠይቁ፣ በቃል አይደለም። ስፔሻል ኤድ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት) የሚለው ስም ያስፈራናል፣ ሰው ምን ይለናል እንላለን፣ ግን ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ ችግር) ያለበት ልጅ 2ኛ ክፍል ላይ ሲያዝና 5ኛ ክፍል ላይ ሲያዝ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

5. የዊዳ ነገር

«ልጄ እዚሁ ተወልዶ፣ ከኔ ጋር እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ ለምን ኢሶል ከተቱት?» ይሄን ያልሰማ የለም። ሲመዘገብ የቤት ቋንቋ ፎርም ላይ አማርኛ ብላችሁ ሞልታችኋል፣ ከዚያ ትንሽ ፈተና ተሰጠው፣ ገባ። ፎርሙ ላይ መዋሸት አያስፈልግም፣ ኢሶል ነፃ እርዳታ ነው፣ አገልግሎቱን አልፈልግም ማለት መብታችሁ ነው ግን ያኔም ልጁ ከኢሶል መውጫውን ነጥብ እስኪያመጣ በየዓመቱ መፈተኑ አይቀርለትም፣ ስለዚህ የሚቀርባችሁ ጥቅሙ ነው እንጂ ፈተናው አይደለም።

አሁን ውጤቱ እንዴት እንደሚሰላ ተመልከቱ። ከ1.0 እስከ 6.0 ነው፤ መስማት 15 ፐርሰንት፣ መናገር 15፣ ማንበብ 35፣ መጻፍ 35። ሰባ ፐርሰንቱ ማንበብና መጻፍ ነው! እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚፈስለት ልጅ ዓመት ካመት ኢሶል የሚቆየው ብዙ ጊዜ መጻፉ ይዞት ነው። መውጫው ቁጥር በየስቴቱ ይለያያል፣ የናንተን ጠይቁና የልጁን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የትኛው እንደጎተተው እዩ።

መናገሩ ላይ ደግሞ የኛ አስተዳደግ የሚፈጥረው ነገር አለ። ጨዋ ልጅ አጭር ነው የሚመልሰው፣ ትልቅ ሰው ፊት አያወራም ብለን አሳድገናል። ፈተናው ላይ ሄድፎን አድርጎ ለኮምፒውተር ነው የሚናገረው፣ «የስ»፣ «ኢት ኢዝ ቢግ» ብሎ ዝም ካለ ነጥቡ ይወርዳል፣ የሚፈለገው ረዘም አድርጎ ምክንያት እየሰጠ እንዲናገር ነው። ስለዚህ እቤት እራት ላይ «እሺ ለምን?»፣ «ከዚያስ?»፣ «ማስረጃህ ምንድነው?» በሉት። ባማርኛም ቢሆን ይሠራል፣ ልምዱ ነው ዋናው። አማርኛ ማውራት አቁሙ፣ ልጁን ያደናግራል የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ከምትነግሩት በሞላ አማርኛ ታሪክ ብትነግሩት ለቃላቱም ለአስተሳሰቡም ይሻለዋል።

6. እቤት ንባብ

በቀን 20 ደቂቃ፣ በየቀኑ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ማስነበብ አያዋጣም። የላይብረሪ ካርድ ነፃ ነው፣ ልጁ የፈለገውን ይውሰድ፣ ኮሚክም ይሁን ስለ ሻርክ። ግን ግማሹ ያህል መረጃ ሰጪ መጽሐፍ ይሁን፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ጠፈር፣ ስለ ታሪክ፣ ምክንያቱም ፈተናው ላይ የሚመጡት ጽሑፎች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ስለ እሳተ ገሞራ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ስለ እሳተ ገሞራ የተጻፈውን ቢያነብም አይገባውም።

አንብቦ ሲጨርስ «ገባህ?» አትበሉ፣ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። አንድ ጥያቄ ጠይቁትና ሲመልስ «የት ላይ አገኘኸው? አሳየኝ» በሉት፣ ዓረፍተ ነገሩን በጣቱ ይንካ። ፈተናው ላይ ፓርት ኤ፣ ፓርት ቢ የሚባል አለ፣ ኤ ጥያቄውን ይጠይቃል፣ ቢ «ይሄን መልስህን የሚደግፈው የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?» ይላል። ልጆች ኤን በግምት ይመልሱና ቢ ላይ ይያዛሉ። እናንተ እንግሊዝኛውን ባታነቡት እንኳ «አሳየኝ» ማለት ትችላላችሁ፣ ለምን እዚያ ጋ እንደነካ ባማርኛ ያስረዳችሁ።

ለመጻፉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ያነበበውን በአንድ አንቀጽ ይጻፍ። ስፔሊንግ አትልቀሙ።

7. ሒሳብ

3ኛ ክፍል ሲያልቅ ማባዣውን እስከ 10 በ10 በቃሉ መያዝ አለበት፣ ይሄ እኛም ያደግንበት ስለሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ፣ መኪና ውስጥ ጠይቁት። ያልያዘ ልጅ 4ኛና 5ኛ ክፍል ላይ ክፍልፋዩም ማካፈሉም ይከብደዋል።

ችግሩ ያለው አባትና እናት የሚያውቁትን አሠራር ሊያስተምሩ ሲቀመጡ ነው። ልጁ ሳጥን ስሎ፣ ቁጥሩን በታትኖ ያባዛል፣ አባት «ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው» ብሎ ቁልቁል ደርድሮ ያባዛለታል፣ ልጁ ያለቅሳል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሜሪላንድና ሌሎች ብዙ ስቴቶች በሚከተሉት ስታንዳርድ ያ እኛ የምናውቀው ቁልቁል ማባዛት የሚጠበቀው 5ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ረጅሙ ማካፈል ደግሞ 6ኛ። ከዚያ በፊት የሚፈልጉት ልጁ ቁጥሩ ውስጥ ያለውን ነገር እንዲያይ ነው፣ ፈተናውም ሳጥኑን ራሱን አምጥቶ «የጎደለውን ሙላ» ይላል። ስለዚህ የናንተን አሠራር መልስ ለማመሳከር ተጠቀሙበት፣ ልጁን ግን «ቲቸርሽ እንዴት እንዳሳየችሽ አሳዪኝ» በሉ።

ክፍልፋይ ላይ አምባሻ ቆርሶ ማሳየት ጥሩ ነው፣ ለስምንት ቁረጡት፣ ሦስቱን ስጡት፣ ሦስት ስምንተኛ። ግን እዚያ ብቻ ካቆማችሁ ልጁ ክፍልፋይ ማለት ቁራሽ ብቻ ይመስለዋል፣ ፈተናው ላይ ደግሞ ከ0 እስከ 1 የተሰመረ መስመር አምጥቶ «ሦስት ስምንተኛ የት ጋ ነው?» ይለዋል። መስመር እየሳላችሁ ማስቀመጥ አለማምዱት፣ አንድ አራተኛና አንድ ሦስተኛ የቱ ይበልጣል ብላችሁ ጠይቁት፣ ብዙ ልጅ 4 ከ3 ስለሚበልጥ አንድ አራተኛ ይላል።

8. ኮምፒውተሩን ማለማመድ

ፈተናው ክሮምቡክ ወይ ላፕቶፕ ላይ ነው እንጂ ስልክ ላይ አይደለም፣ ቲክቶክ ላይ የሚፈጥን ጣት እዚህ አይረዳም። ታይፒንግ በቀን 10 ደቂቃ፣ 3ኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ። ሜሪላንድ ላይ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ያነበበውን መሠረት አድርጎ ታይፕ እያደረገ ይጽፋል፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ የሚነካ ልጅ ሐሳቡ ሳያልቅ ሰዓቱም ትዕግሥቱም ያልቃል።

ፕራክቲስ ቴስቱን ከፈተናው በፊት ሁለት ሦስቴ ይክፈተው፣ ለውጤት ሳይሆን ቁልፎቹን እንዲያውቅ። «ሰሌክት ቱ» ሲል ሁለት እንደሚመረጥ፣ ጎትቶ መጣል እንዳለ፣ ጽሑፉ ወደ ታች እንደሚቀጥል (ስክሮል ሳያደርጉ ግማሹን ብቻ አንብበው የሚመልሱ አሉ)፣ ያለፈውን ጥያቄ ምልክት አድርጎ እንዴት እንደሚመለስበት። በተለይ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ልጅ ከኤ እስከ ዲ አንድ ብቻ አክብቦ የሚያልፍበትን ፈተና ነው የሚያውቀው። ተራ ቁጥር 3 ላይ ችግሩ አሠራሩ ነው ብላችሁ ከለያችሁ ይሄ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

9. የፈተናው ሰሞን

ፈተናው በሚሰጥበት ሰሞን ጾምና በዓል ይገጥማል። በ2024 ፋሲካ ሜይ 5፣ በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር፣ ማለትም ሁዳዴም የፋሲካ ሌሊትም እዚያው መሀል ናቸው። ልጁ የሚጾም ከሆነ ቁርስ ሳይበላ አይሂድ፣ ከንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩ፣ ገንፎ፣ ያለ ወተት የተሠራ ኦትሚል፣ ሙዝ፣ የሽሮ ፍርፍርም ቢሆን ይበቃል። ከቤተክርስቲያን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተመልሶ የማግስቱ ማግስት ሰኞ ፈተና ላይ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ ቀኑን ቀድማችሁ ቲቸሯን ጠይቁና ከገጠመ ማካካሻ ቀን ይኖር እንደሆነ እወቁ። ረመዳን ደግሞ በነዚህ ዓመታት ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ስለሚውል ከዊዳ ጋር ይጋጫል፣ ሱሁር የሚነሳ ልጅ በጊዜ ይተኛ።

ትኬት ረከሰ ብላችሁ በፈተናው ሳምንታት ልጁን ይዛችሁ አዲስ አበባ አትሂዱ። የጥርስ ቀጠሮም እንደዚያው።

ጠዋት ላይ «ዛሬ አሳየን! እንዳታሳፍረን!» አይባልም። «ጥያቄውን እስከመጨረሻው አንብብ፣ ከከበደህ እለፍና ተመለስ» ይበቃዋል።

10. ስቴት የምትቀይሩ ከሆነ

ወረቀቶቹን ሁሉ፣ ማፑንም ዊዳውንም፣ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይላላካሉ ይባላል፣ ይዘገያል። ከሜሪላንድ ዳላስ ብትገቡ ቴክሳስ ዊዳን አይጠቀምም፣ ቴልፓስ የሚባል የራሱ አለው፣ ካሊፎርኒያም ኤልፓክ አለው፣ እና የድሮው ወረቀት ካልቀረበ ልጁ ኢሶልን ጨርሶ የወጣ ቢሆን እንኳ የቤት ቋንቋ ፎርሙ ላይ አማርኛ ስላዩ እንደገና ከመጀመሪያው ሊፈትኑት ይችላሉ። ኢሶል ጨርሷል የሚለውን ደብዳቤ ከመልቀቃችሁ በፊት ከቢሮው ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት።